ዲናሞውን ከመክሰሳችሁ በፊት

በዚህ ወር የደረሱን የመኪና ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከጎጃም ናቸው። ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ነው፤ መብራት ይደበዝዛል፣ ባትሪ ይሞታል፣ አምፖል ይቃጠላል። አይገርምም፣ ክረምት ነው። የፊት መብራቱ፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ መስታወቱ ላይ የሚነፍሰው ፋን ሁሉም ባንድ ላይ ይሠራል፤ በጋውን ሙሉ ተደብቆ የከረመ ችግር ያኔ ነው ብቅ የሚለው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ ጥያቄዬ ተቆረጠ ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ደጀን ሚኒባስ እነዳለሁ። ማታ ፍሬን ስይዝ ወይም ፍሬቻ ሳበራ የፊት መብራቴ ድክም ይላል። መካኒኩ መጀመሪያ ባትሪ ነው አለኝ፣ ለወጥኩ። ቀጥሎ ዲናሞ ነው አለኝ፣ ያገለገለ ዲናሞ ገዝቼ አስገጠምኩ። ትንሽ ጊዜ ደህና ነበር፣ አሁን ያው ሆኗል። ቀጥሎ ምን ልግዛ? (ሾፌር፣ ደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ከመልቲሜትር በቀር ምንም አትግዛ ወንድሜ። ቴስተር የምትሉት ማለቴ ነው፤ ርካሹም ይበቃል።

ደብዳቤህ ውስጥ ትልቅ ፍንጭ አለ። ፍሬን ስትይዝ የሚበሩት የኋላ አምፖሎች ናቸው። እያንዳንዳቸው 21 ዋት ናቸው እንበል፣ ሁለቱ ተደምረው ከ4 አምፔር አይበልጡም። ሞተሩ እያዞረው ኃይል የሚያመነጨውና ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞህ ደግሞ በአስር የሚቆጠር አምፔር የሚሰጥ ነው። በዚህች ጭነት የፊት መብራት ከደከመ ኃይሉ አልጠፋም፣ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የኔጌቲቩን ገመድ ነው፤ ከባትሪው ወደ ሻሲው፣ ከሻሲው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን፣ ግራውንድ የሚባለውን። ዝገት፣ ጭቃ፣ የላላ ብሎን። ዲናሞው ሲቀየር ገመዶቹ ተነካክተው ትንሽ ተሻላቸው፣ ከዚያ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ለትንሽ ጊዜ ደህና የሆነልህ በዚህ ሊሆን ይችላል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ጠዋት መኪናው ሳይነሳ ባትሪው ላይ ለካ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሞተሩን አስነሳና እዚያው ባትሪው ላይ ለካ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። አሁን የፊት መብራቱን፣ ፋኑን፣ ያለህን ሁሉ አብራና ለሞተሩ ትንሽ ነዳጅ ስጠው። ያም ሆኖ ከ13.5 በታች ከወረደ ችግር አለ ማለት ነው። ቆይ፣ አሁንም ዲናሞ እንዳትገዛ!

ሁሉም ነገር እንደበራ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ ዲናሞው ላይ ወፍራሙ ገመድ የሚታሰርበት ብሎን ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርግ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየህ በመሃል ያለው ገመድ ወይም ማሰሪያው ታሟል። ቀጥለህ አንዱን የዲናሞው ገላ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። እዚህ ከ0.2 በላይ ማየት የለብህም። ብዙ ሰው ገመድ በኦም ይለካና ደህና ነው ይላል፤ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። 0.05 ኦም በተራ መልቲሜትር ከዜሮ አይለይም፣ ግን 40 አምፔር ሲያልፍበት 2 ቮልት ይበላል። ዲናሞው 14.2 እየሰጠ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 12.2 ነው ማለት ነው። ገመድ የሚለካው ሥራ ላይ እያለ ነው።

ገመዶቹ ንጹህ ከሆኑ ወደ ዲናሞው እንሂድ። መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ እይ፤ ዝናብ ሲነካው የሚጮህ ከሆነ እየተንሸራተተ ነው። ከዚያ የዲናሞው ውስጥ አለ። ሬጉሌተሩ እዚያ ቁጭ ብሎ የባትሪውን ቮልቴጅ ያያል። ሲወርድ በካርቦኖቹ በኩል ለሚሽከረከረው ጥቅል ብዙ ኃይል ይሰጣል፣ ሲወጣ ይቀንሳል፤ ምጣድ ሥር እንጨት እየጨመረች እየቀነሰች ሙቀቱን እኩል እንደምታደርግ እንጀራ ጋጋሪ። ልዩነቱ እሱ ይህን በሰከንድ በጣም ብዙ ጊዜ ማድረጉ ነው። ካርቦኖቹ ሲያልቁ ኃይሉ ይቆራረጣል፣ መብራቱም ይርገበገባል። ካርቦንና ሬጉሌተር በብዙ ዲናሞዎች ላይ ለብቻ ይቀየራሉ። ዋጋቸው ከሙሉ ዲናሞ ጋር አይወዳደርም፣ ግን ብዙ ጋራዥ ይህን አይነግርህም።

ዲናሞው የሚያመነጨውን ኤሲ ለባትሪው ወደሚሆነው ዲሲ የሚቀይሩት ዳዮዶችም አሉ። መልቲሜትሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙረህ ባትሪው ላይ ለካ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ አንዱ ዳዮድ ሳይሞት አይቀርም። እንዲህ ያለ ዲናሞ ቮልቴጁ ደህና መስሎ ሬዲዮው እንዲያጉረመርም ያደርጋል፣ ቆሞ ሲያድርም ባትሪውን ሊመጠው ይችላል። ደግሞ አደራ፣ ፖርቶመጋላ ስታስበይድ የባትሪውን ገመድ ፍታ። ዳዮድና ኮምፒውተር የሚጨርስ ብየዳ ስንት አለ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ መንገድህ ነውና። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ብትወርድ ቮልቴጁ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። አትደንግጥ። ብዙዎቹ ሬጉሌተሮች ሲሞቁ አውቀው ይቀንሳሉ፤ የሞቀ ባትሪ በከፍተኛ ቮልቴጅ ከተሞላ ውሃው ይፈላል። ጠዋት በብርዱ 14.6 ያየኸው ቆላው ላይ 13.9 ቢሆን ጤነኛ ነው።

ጥያቄ፦ ከጃፓን የመጣች ትንሽ መኪና አለችኝ። ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካ የቮልት ማሳያ ገዛሁ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንዴ 14.4 ይላል፣ አንዴ 12.9 ይላል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይጨምራል። ስታብላይዘር የሚባል ነገር አስገጥሚ አሉኝ። ላስገጥም? (መምህርት፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ አታስገጥሚ እህቴ፣ ብርሽን ያዢ።

አዳዲሶቹ መኪኖች ብዙዎቹ ዲናሞውን በኮምፒውተር ነው የሚያዙት። ነዳጅ ስትሰጪ ሞተሩ እንዲቀለው የዲናሞውን ሥራ ይቀንሱለታል፣ ነዳጅ ስትለቂ ወይም ቁልቁለት ስትወርጂ ደግሞ በነፃ የሚገኘውን ኃይል ወደ ባትሪው ይከቱታል። አንቺ ያየሽው ይህንኑ ይመስላል፤ ቁልቁለት ላይ ይጨምራል ያልሽው ነገር ራሱ ይናገራል። የፊት መብራቱን አብሪና እዪው፣ ብዙዎቹ ያኔ ቮልቴጁን ከፍ አድርገው ያቆዩታል። ደግሞ ማሳያው የሚነግርሽ የሶኬቱን ቮልቴጅ እንጂ የባትሪውን አይደለም፣ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው።

የሚያሳስበው መቼ ነው? ሞተሩ እየሠራ ከ12.5 በታች ወርዶ ከቀረ፣ ወይም ከ15 በላይ ወጥቶ ከቆየ፣ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪው ምልክት ከበራ። ምልክቱ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ስትከፍቺ ሊበራ እንደሚገባም እወቂ። ካልበራ እሱም ችግር ነው፤ በአንዳንድ የቆዩ መኪኖች ዲናሞው መሙላት እንዲጀምር መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው በዚያች አምፖል በኩል የሚያልፈው ኃይል ነው፣ አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ዝም ይላል።

ስታብላይዘር ብለው የሚሸጡልሽ ሳጥን ውስጡ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ካፓሲተሮች (ትንሽ ኃይል ለቅጽበት የሚይዙ ዕቃዎች) እና አንዲት ባለቀለም መብራት ነው ያለው። መኪናሽ ውስጥ ትልቁ ስታብላይዘር ባትሪው ነው። እሱ ጤነኛ ከሆነ ሳጥኑ የሚጨምረው ነገር የለም፣ እሱ ከሞተ ሳጥኑ አያድነውም።

ጥያቄ፦ ኢሱዙዬ ሁለት ባትሪ ነው ያለው። ሁልጊዜ የአንደኛው ውሃ ቶሎ ይደርቃል፣ ሌላኛው ይሞታል። ጥንዱን ቀየርኩ፣ ያው ሆነ። ዲናሞው ተለክቶ 28.2 ነው፣ ደህና ነው ተባልኩ። ታዲያ ምንድን ነው? (ባለ መኪና፣ ቡሬ)

መልስ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ቴፑ ወይም ስልክ መሙያው ከየት ነው ኃይል የሚወስደው?

ቴፕ ሲገጠም የትም ያልተጻፈ ግን ሁሉም የሚያደርገው ነገር አለ። መኪናው 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች ተቀጣጥለው። ቴፑ 12 ነው። ባለሙያው ምን ያደርጋል? ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ገመድ ጎትቶ ቴፑን ያበራል። ይሠራል፣ ሙዚቃው ይሰማል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

ሬጉሌተሩ የሚያየው የሁለቱን ድምር ብቻ ነው። 28.2 ካየ ሥራዬን ጨርሻለሁ ይላል። ግን ድምሩ 14.1 እና 14.1 ላይሆን ይችላል። ቴፑ የሚጠባው ባትሪ ሁልጊዜ ስለሚጎድል 13.2 ላይ ይቀራል፣ ያልተነካው ደግሞ 15.0 ይሆናል። ድምሩ ያው 28.2 ነው። የመጀመሪያው መቼም ሳይሞላ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ነጭ ለብሰው ይሞታል፣ ሁለተኛው ከመጠን በላይ እየተሞላ ውሃው ይፈላና ይደርቃል። እርስዎ የጻፉት ይኸው ነው። ሞተሩ እየሠራ ድምሩን ትተው እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻ ያስለኩ፣ ያኔ ይታያል። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ዝም ብለው አይለፉት።

መፍትሔው ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ነው፤ ከሁለቱም ባትሪ እኩል ይወስዳል። የቴፑን፣ የስልኩን፣ ከኋላ የተጨመረ ባለ 12 መብራት ካለ እሱንም በዚያ በኩል ያሳልፉ። ባትሪ ሲቀይሩ ሁለቱንም ባንዴ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን ይሁኑ። አሮጌና አዲስ ማጣመር ያንኑ በሽታ ነው የሚያመጣው።

ውሃው ሲጎድል ደግሞ የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ አሲድ አይጨምሩ። የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው አለ። አሲድ በጨመሩ ቁጥር ሳህኖቹን እየበሉ ነው። የቧንቧም የወንዝም ውሃ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ባጃጄ ፍጥነት ስጨምር አምፖል ያቃጥላል። ፒያሳ ሳልደርስ አንድ ሄደ። (ባሕር ዳር)

መልስ፦ ሬጉሌተሩ ነው፣ ወይም ግራውንዱ። ባትሪው ላይ መልቲሜትር አድርገህ ቀስ እያልክ ነዳጅ ስጠው፤ ከ15 ካለፈ ቮልቴጁን የሚይዝለት የለም ማለት ነው። ሬጉሌተሩን ከመቀየርህ በፊት የታሰረበትን ብሎን ፍታና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጥረገው፣ የባትሪውንም ጫፎች አጥብቅ። የሞተ ወይም ገመዱ የላላ ባትሪም ይህንኑ ያደርጋል። ትልቅ ዋት አምፖል ማስገባት መፍትሔ አይደለም፣ ገመዱን ታቃጥላለህ።

ጥያቄ፦ ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ንቀል፣ ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል ይላሉ። እውነት ነው? (ፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ኧረ ተው! በድሮ መኪና ዘመን ያለፈ ነገር ነው ይህ፣ ያኔም ጥሩ አልነበረም። ዲናሞው ባትሪውን አጥብቆ እየሞላ ሳለ ባትሪው ባንዴ ከጠፋበት፣ ሬጉሌተሩ ኃይሉን እስኪቀንስ ድረስ በሰከንድ ክፍልፋይ ቮልቴጁ ወደ ላይ ይፈነጠራል። ባለ 12 መኪና ላይ እስከ 100 ቮልት አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ዳዮድ፣ የሞተር ኮምፒውተር፣ ኤርባግ፣ ማን እንደሚሄድ አታውቅም። ደግሞ ሞተሩ ባይጠፋ ምን አወቅህ? ዲናሞው 13 ይሰጥ 16 ይሰጥ አልነገረህም። እንዲህ ለመሞከር የሚዘጋጅ መካኒክ ካየህ ኮፋኖውን ዝጋና ሂድ።

ጥያቄ፦ ሚኒባሴ ላይ ትልቅ ስፒከር አስገብቻለሁ። ባሱ ሲመታ የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ይጨፍራል። ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ይፈታዋል ተባልኩ። (ዳንግላ)

መልስ፦ እንቁጠረው። ካፓሲተሩ ከ14 ወደ 12 ቮልት ሲወርድ የሚሰጥህ 26 ጁል ነው። አምፕሊፋየርህ 500 ዋት ከወሰደ በሰከንድ ሃያኛ ክፍል ውስጥ አለቀ። ለአንዲት አጭር ምት ይረዳል፣ ለረጅም ባስ ምንም። ከዚያም ራሱ ተመልሶ መሞላት አለበት፣ ከዚያው ከደከመው ዲናሞ። ከዲናሞ ወደ ባትሪ፣ ከሞተር ወደ ሻሲ፣ ከባትሪ ወደ ሻሲ ያሉትን ሦስት ገመዶች በወፍራም ቀይር። ካልበቃ አምፔሩ ከፍ ያለ ዲናሞ ፈልግ። ካልሆነም ድምፁን ቀንስ፣ ተሳፋሪውም ያመሰግንሃል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ናፍጣ መኪናዬ ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፣ ከሰዓት ደህና ነው። ብርዱ ነው ወይስ ባትሪው? (እንጅባራ)

መልስ፦ የእንጅባራ ጠዋት ባትሪውንም ዘይቱንም ያደክማል። ግን ለይተህ እወቀው። አንድ ሰው እያስነሳ አንተ ባትሪው ላይ ለካ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው አልተሞላም ወይ አርጅቷል፤ መጀመሪያ በደንብ አስሞላውና እንደገና ሞክር። 10.5 እና ከዚያ በላይ ላይ ቆሞ ግን ሞተሪኖው እየተንፏቀቀ ከሆነ ባትሪው ንጹህ ነው፣ ገመዱን ወይም ሞተሪኖውን ያዝ። የባትሪው ጫፍ ላይ ያለውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ደግሞ ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ሙቅ ውሃ እጠበው፣ አድርቅ፣ አጥብቀህ እሰር፣ ከላይ ግራሶ ቀባ። ኮካ የሚያፈሱ አሉ፤ ይነሳል፣ ግን ስኳሩ ይቀራል።

ጥያቄ፦ መኪናዬን ጥቂት ቀን ሳቆማት አትነሳም። ስነዳት ምንም የላትም። (ሞጣ)

መልስ፦ ተኝታም የሚጠባት ነገር አለ። የኔጌቲቩን ገመድ ፍታና መልቲሜትሩን 10 አምፔር ላይ አድርገህ በመሃል አስገባ። በሮቹን ዝጋ፣ ቁልፉን አውጣና ጠብቅ፤ ኮምፒውተሯ እስኪተኛ ግማሽ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ከ0.05 አምፔር በላይ ከቀረ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልክ የትኛው ሲነቀል እንደሚወርድ ፈልግ። ትንሽ የሚመስል ቁጥር እንዳይሸውድህ፤ 0.3 አምፔር በቀን 7 አምፔር ሰዓት ነው፣ ባለ 45 ባትሪ በሳምንት ውስጥ ይጨርሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኋላ የተጨመረ ነገር ነው፦ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ቴፕ። መልቲሜትሩ በመሃል እያለ መኪናዋን ለማስነሳት እንዳትሞክር፣ ውስጡ ያለው ፊውዝ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ቻርጁ 70 በመቶ እያለ አንድ ጠዋት በሩም አልከፈት፣ ስክሪኑም አልበራ አለ። እንዴት ይሆናል? (ባሕር ዳር)

መልስ፦ ነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛብኝ ነው። መኪናህ ሁለት ዓይነት ባትሪ ነው ያላት። ትልቁ የሚያስኬዳት ነው። በርን፣ ስክሪንን፣ ኮምፒውተሩን የሚያነቃው ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ባለ 12 ባትሪ ነው፣ እሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም አይገናኝም። ዲናሞ የላትም፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ ኃይል እያወረደ የሚሞላ ኮንቨርተር ነው ያላት፣ እሱም በዋናነት የሚሠራው መኪናዋ ስትነቃ ወይም ቻርጅ ስታደርግ ነው። ብዙ ቀን ካቆምካት፣ ወይም ቆማ እያለች ስክሪኑን ከፍተህ ከተቀመጥክ፣ ትንሿ ትደክማለች።

በሩን በሜካኒካል ቁልፉ ክፈት፣ መጽሐፏ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚገናኝ ያሳይሃል፣ ከሌላ ባለ 12 ባትሪ ኃይል ሰጥተህ ቀስቅሳት። ከነቃች በኋላ ትንሿ ባትሪ ላይ ለካ፣ 13.5 እና ከዚያ በላይ ካየህ ኮንቨርተሩ እየሞላ ነው። በማግስቱ እንደገና ከሞተች ባትሪዋን ቀይር። ብርቱካናማ ገመዶቹን አትንካ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው ያለባቸው። ያንተን መኪና ተጠቅመህም የሰው ናፍጣ መኪና አታስነሳ፤ ሞተሪኖ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ይፈልጋል፣ ትንሿ ባትሪና ኮንቨርተሩ ለዚያ አልተሠሩም። ጎረቤትህ ኢሱዙ ካለውና ሊረዳህ ከመጣ ደግሞ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ውሰድ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ካገናኘኸው 24 ቮልት ነው የምታስገባባት።